የተፈታ የማርሽ መቀየሪያ፦ ሞላው የት ነበር?



አብዛኞቻችን የምንነዳው ሳይክል ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ እጅ ነው። አንድ ቀን የማርሽ መቀየሪያው ምላስ ባዶውን መወዛወዝ ይጀምራል። ካቻቪቴ ይመጣል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ሞላው ይፈናጠራል። ከዚያ ክፍሎቹ በፌስታል ተቋጥረው አልጋ ሥር ይገባሉ፤ ሠሪው ጋ ሲደርሱም መልሱ «አዲስ ግዛ» ነው። ለተማሪ ኪስ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን መቀየሪያው ቆሽሾ እንጂ ተበላሽቶ አይደለም። የተፈታውም ቢሆን የእያንዳንዱ ክፍል ሥራ ከገባን ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ኢንሻአላህ።

እንዴት ይሠራል?

የመቀየሪያው ሥራ ካቦውን ለክቶ መሳብና እንደሳበ መያዝ ነው። ከኋላ ጎማ አጠገብ ካቴናውን (ሰንሰለቱን) ከማርሽ ወደ ማርሽ የሚያሻግር ክንድ አለ። የክንዱ ሞላ ካቦውን ሁልጊዜ ወደ ራሱ ይጎትታል። በአብዛኞቹ ሳይክሎች በአውራ ጣት የምንገፋው ትልቁ ምላስ ካቦውን ይጠቀልልና ካቴናውን ወደ ትልቁ፣ ለእግር ወደሚቀለው ማርሽ ያወጣዋል። ትንሹ ምላስ አንድ እርምጃ ይለቃል።

ውስጡ ካቦው የሚጠቀለልበት ባለ ጥርስ ክብ አለ። ጥርሶቹ ላይ ትናንሽ የብረት ጥፍሮች ያርፋሉ፤ አንዱ ክቡን ይገፋል፣ ሌላው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዘዋል። ወርክሾፕ ውስጥ የምናውቀው ራቼት ቁልፍ በዚሁ መንገድ ይሠራል። «ጠቅ» የሚለው ድምፅ ጥፍሩ ጥርስ ውስጥ ሲወድቅ የሚሰማ ነው። የድሮ መቀየሪያዎች ይህ የላቸውም፤ ካቦውን የሚይዙት በሰበቃ ብቻ ነበር። ሺማኖ ባለ እርምጃውን ሥርዓት ያወጣው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው።

ለምን ይደርቃል?

ጥፍሮቹን የሚጫናቸው ሞላ በጣም ቀጭን ነው። ፋብሪካው የቀባው ግራሶ በጊዜ ብዛት ሲደርቅና አቧራ ሲጠጣ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ጥፍሩ ተጣብቆ ጥርሱን መያዝ ያቅተዋል። የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ለዚህ ይመቻሉ። ፀሐይና አቧራ አለ። በመቂና በባቱ ሜዳ ደግሞ ሰው በአንድ ማርሽ ወራት ሊነዳ ይችላል፤ ያልተነካ መቀየሪያ ቶሎ ይደርቃል። ማርሽ የሚያስፈልገን ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ነው። አዳማ የነፋስ ተርባይን የተተከለባት ከተማ መሆኗን ደግሞ ከግቢ ወጣ ያለ ሁሉ ያያል።

ከመፍታት በፊት

አንደኛ፣ ጥፋቱ የት እንዳለ ለዩ። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሡ። አንድ ሰው ፔዳሉን ያዙር፣ ሌላው ቱቦው ላይ የተገለጠውን ካቦ በእጁ ይሳብና ይልቀቅ። ክንዱ እየከበደው ከሄደ ወይም ሲለቀቅ ካልተመለሰ፣ ችግሩ ካቦው ወይም ክንዱ ነው፤ መቀየሪያውን አትንኩ። የዛገ ወይም የተበጣጠሰ ካቦ መቀየር ርካሽ ነው።

ሁለተኛ፣ ሳትፈቱ እጠቡ። ላምባ በክፍተቱ አንጠባጥቡና ሁለቱንም ምላሶች ሠላሳ ጊዜ ያህል ግፉ። ቆሻሻው ሲወርድ ጥረጉ፣ ድገሙት። «ጠቅ» ማለት ሲጀምር ይድረቅና ጥቂት የስፌት መኪና ዘይት ጨምሩ። ከከሰልና ከምድጃ ራቁ፤ ላምባው ፍሬን ላስቲክና ቸርኬ ላይ እንዳይደርስ ጨርቅ ጣል አድርጉ።

ከተፈታ በኋላ

ክፍሎቹን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርጉ፣ በላምባ አጥቡ፣ ከዚያ በሥራቸው ለዩ። እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለው ትልቁ ሞላ ክቡን ወደ መነሻው ይመልሳል። ቀጫጭኖቹ ጥፍሮቹን ይጫናሉ። ሌሎቹ ምላሶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳሉ። ክፍሉ የት እንደነበር የሚነግራችሁ ምልክት አለ፦ ብረት ከብረት የተፋተገበት ቦታ ያበራል። የሚያበሩትን ፊቶች አገናኙ። የጓደኛ ተመሳሳይ ሳይክል ካለ ክዳኑን ብቻ አንሥታችሁ ተመልከቱ። ግን አማና ነው፤ ሳታስፈቅዱ አትንኩ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ትልቁ ሞላ ላይ ነው። አንዱ ጫፉ አካሉ ላይ፣ ሌላው ክቡ ላይ ይታሰራል፤ ሲገባም በጥቂቱ ተጠምዝዞ መሆን አለበት። ጥፍሩን ስትለቁት ክቡ በራሱ ካልተመለሰ ሞላው አልተጠመዘዘም ማለት ነው። ስትሠሩ ፊታችሁን አርቁ፤ የተፈናጠረ ሞላ ዓይን ያጠፋል።

ካቦ ከማስገባታችሁ በፊት እርምጃዎቹን ቁጠሩ። ኋላው 7 ማርሽ ከሆነ 6 «ጠቅ» መሰማት አለበት። ከጎደለ ጥፍሩ ወይም ክቡ ቦታውን ስቷል። ከሞላ፣ ሁሉንም ለቃችሁ መነሻው ላይ ካቦውን አስገቡ፤ ካቴናው ትንሹ ማርሽ ላይ እንዳለ ካቦውን ወጥራችሁ እሰሩት።

ካልሆነስ?

የጥፍሩ ጫፍ ከተበላ ወይም ሞላው ከተሰበረ አዲስ መግዛት ግድ ነው። ስትገዙ የማርሹ ቁጥር ይግጠም፣ ብራንዱንም አስተያዩ። በሺማኖ 7 ማርሽ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ መቀየሪያው በአንድ «ጠቅ» የሚስበው ካቦ ደግሞ 2.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሌላ ልክ የተሠራ መቀየሪያ ካቴናውን በሁለት ማርሾች መካከል ያንገላታዋል። እርምጃ የሌለው የድሮው ዓይነት ከተገኘ ግን ለብዙዎቹ ይሆናል፤ ልኩን የምታገኙት በጣታችሁ ነው።

ገንዘቡ እስኪገኝም ሳይክሉ አይቁም። የኋላው ክንድ ላይ ካሉት ሁለት ትናንሽ ብሎኖች የትንሹን ማርሽ ወሰን የሚይዘውን ወደ ውስጥ እያጠበቃችሁ፣ ካቴናው እስከቻለው ድረስ ከትንሹ ከፍ ያለ ማርሽ ላይ እንዲቀመጥ አድርጉት። በአንድ ማርሽም ክፍል ይደረሳል።