ስፖርት ጀምረው ኪሎ ጨመሩ?

የሦስት ወር የጂም ክፍያ በአንዴ ከፍለዋል። በሳምንት አራት ቀን ከሥራ በኋላ ላብዎ እስኪንጠፈጠፍ ይሠራሉ። በሦስተኛው ሳምንት መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ ከተቀመጠው ልጅ ጋ ጎራ ሲሉ ግን ኪሎዎ በሁለት ጨምሮ ያገኙታል። ልጁ ደግሞ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው!

እኔ ሲደርስብኝ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ልጅ ጋ ሄድኩ። ያው ነው። በማግስቱ የጂም ቦርሳዬን ቤት ጥዬ ወጣሁ፤ አሥር ቀንም አልነካሁትም። ያቆምኩት ሰውነቴ ገና መላመድ ሲጀምር እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው ክብደት በአብዛኛው ውሃ ነው። ሥራ ያልለመደ ጡንቻ በጥቃቅኑ ይጎዳል፤ እስኪጠገን ድረስም ፈሳሽ ይይዛል። በማግስቱ ደረጃ ሲወርዱ ጭንዎን የሚያምዎት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ላይ ጡንቻ ለነገ ሥራ የሚሆነውን ስንቅ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻል፤ አንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ሴቶች ከወር አበባ በፊት የሚይዙት ውሃም ይጨመርበታል። ጡንቻ መገንባት ግን ወራት ይፈጃል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት «የጨመርኩት ጡንቻ ነው» ብለው ራስዎን አያጽናኑ።

ሁሉንም በውሃ ማሳበብም አይቻልም። ከጂም ስንወጣ «ዛሬማ ሠርቻለሁ» እያልን አቮካዶ ጁስ የምናዝ ስንት ነን? ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ የሚያቃጥለው 150 ካሎሪ አካባቢ ነው። ስኳር የተጨመረበት አንድ ትልቅ ብርጭቆ ጁስ ይህን በቀላሉ ይበልጠዋል። የጾም ምግብም ቢሆን አያታልልዎ፤ ሽሮው ላይ የሚፈስሰው ዘይት በአንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ 120 ካሎሪ ያህል አለው። መፍትሔው እራት መዝለል አይደለም፤ ሌሊት ፍሪጅ ያስከፍትዎታል። ዘይቱንና ስኳሩን ይቀንሱ፣ ከጂም በፊት ቀለል ያለ ነገር ቀምሰው ይሂዱ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ አንድ ማስታወቂያ ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለውን በአንድ ቀን ሽያጭ አንፈርድም። ኪሎዎንም እንዲሁ ያድርጉት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ፣ በአንድ ሚዛን ብቻ ይመዘኑ። ከልብስ ሰፊ ሜትር ገዝተው ወገብዎን በእምብርትዎ ትክክል ይለኩና ይመዝግቡ። ክብደቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ በፍጥነት ከጨመረ፣ እግርዎ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ሐኪም ጋ ይሂዱ። ያልተለመደ ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ከታከለበትም የእንቅርት ዕጢዎን ቢመረመሩ ጥሩ ነው።

እኔ ተመልሼ በቀጠልኩ በሁለተኛው ወር ከጀመርኩበት የቀነስኩት አንድ ኪሎ ብቻ ነበር። ለስብሰባ የምለብሰው ጠባብ ቀሚስ ግን ዚፑ ያለ ትግል ተዘጋ።