የጎልፍ ዱላና የተማሪ ኪስ

ጎልፍ ሲነሣ ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ ፈገግ ይላሉ። ጨዋታው የባለጸጎች፥ የዲፕሎማቶችና ጡረታ የወጡ መኰንኖች መዝናኛ ነው፤ ለተማሪ የሚስማማው እግር ኳስና ካርታ ነው ይባላል። ለዚህም አባባል ዋና ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው የዱላው ዋጋ ነው። በርግጥም ስማቸው የገነነ ፋብሪካዎች ዛሬ የሚያወጡት አንድ አዲስ ድራይቨር፥ ማለትም ኳሱን ከመነሻው አርቆ ለመላክ የሚያገለግለው ትልቁ ዱላ፥ በአሜሪካ ከ500 ዶላር በላይ ይሸጣል። ይህን የሰማ ተማሪ ነገሩን እዚያው ላይ ቢዘጋው አይፈረድበትም። እኛ ግን አይዘጋ እንላለን። ጀማሪ የሆነ ሰው ውድ ዱላ አያስፈልገውም፤ ጎልፍን ከብዙ ሰው ያራቀውም ዱላው ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። ይህን ከዚህ በታች ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጨዋታውን አይተው ለማያውቁ አንባቢዎቻችን አስቀድመን ጥቂት እንበል። የገናን ጨዋታ ሁላችን እናውቃለን፤ ሁለት ወገን አንዲት ጥንግ ለመንጠቅ በዱላ ይታገላል። በጎልፍ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ኳስ አለው፤ የሚከለክለውም የሚቀማውም ሰው የለም። ሥራው ኳሱን ከመነሻው እየመቱ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ማግባት ነው። ሙሉ ሜዳ 18 ጉድጓድ አለው፤ ከመነሻው እስከ ጉድጓዱ ያለው ርቀት አንዳንዱ ከ150 ሜትር ያነሰ፥ አንዳንዱም ከ500 ሜትር ያለፈ ነው። በጥቂት ምት የጨረሰ አሸነፈ ማለት ነው። እንግዲህ ተጋጣሚው ሰው ሳይሆን ርቀቱ፥ ነፋሱ፥ አሸዋውና የገዛ እጅ ነው።

ሕጉ አንድ ተጫዋች በጨዋታ ጊዜ ከ14 ዱላ በላይ እንዳይዝ ይከለክላል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን አንቀጽ ገልብጠው ይረዱታልና 14 ካልሞላ ጎልፍ መጫወት አይቻልም ብለው ያምናሉ። ቍጥሩ ግን ጣሪያ እንጂ ወለል አይደለም። የወጣውም በአሜሪካ በ1938፥ በብሪታንያ በ1939 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንሰጣለን)፤ ምክንያቱም አንዳንድ ታላላቅ ተጫዋቾች ከ20 በላይ ዱላ እያሸከሙ መሄድ ስለ ጀመሩ ነው። ከዚያ በፊት በ1916 ቺክ ኤቫንስ የተባለው አሜሪካዊ የአገሩን ታላቅ ውድድር፥ የዩናይትድ ስቴትስ ኦፕንን፥ ያሸነፈው በ7 ዱላ ብቻ ነበር። ዘንጎቻቸውም ብረት ሳይሆኑ እንጨት ነበሩ።

ታዲያ ዱላዎቹ ለምን በዙ? መልሱ የዱላው ፊት ጋደል ማለቱ ነው። የድራይቨር ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ኋላ የሚያጋድለው 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ኳሱ ዝቅ ብሎ ሩቅ ይሄዳል። 7 ቍጥር አይረን የሚባለው ባለ ብረት ራስ ዱላ ከ30 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ከአሸዋ ውስጥ ለማውጣት የሚያገለግለው ዌጅ ወደ 55 ዲግሪ ስለሚጠጋ ኳሱ ወደ ላይ ወጥቶ በቅርብ ይወድቃል። ፓተር ደግሞ ሣሩ አጥሮ በተስተካከለው በጉድጓዱ ዙሪያ ኳሱን ለማንከባለል ብቻ ነው። በዱላና በዱላ መካከል ያለው የጋደል ልዩነት በምት ጊዜ የጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይሆናል። እነዚህን ጥቂት ሜትሮች ለይቶ መጠቀም የሚችለው ግን እያንዳንዱን ምት አንድ ዓይነት አድርጎ የሚመታ ሰው ነው። ጀማሪው በ6 ቍጥር አንድ ጊዜ 140 ሜትር፥ ሌላ ጊዜ 30 ሜትር ይመታል፤ በ7 ቍጥርም እንዲሁ። ለእርሱ ሁለቱ ዱላዎች አንድ ናቸው። ስለዚህ 7 ቍጥር፥ 9 ቍጥር፥ አንድ የአሸዋ ዌጅ፥ ፓተርና ከመነሻው የሚመታበት አንድ 5 ቍጥር እንጨት (ስሙ ነው እንጂ ዛሬ ራሱ ብረት ነው) ካለው ለብዙ ወራት ይበቃዋል። ድራይቨሩ ቢቆይ ይሻላል፤ ዘንጉ ረጅም፥ ፊቱም ቀጥ ያለ በመሆኑ ጀማሪውን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረው እርሱ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ርካሹ ዱላ ከውዱ የሚያንሰው በምንድን ነው? ፊዚክስ የሚያጠኑ ወንድሞቻችን የአርት ፋኩልቲ ተማሪ በዚህ ሲገባ ቢስቁም ይታገሡን። ኳሱና የዱላው ፊት የሚነካኩት ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ኳሱ ወዴት እንደሚነሣ በአብዛኛው የሚወስነው በዚያች ቅጽበት ፊቱ የሚመለከትበት አቅጣጫ ነው። ፊቱ 5 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፥ ኳሱ ፊቱ ባመለከተው በኩል ቀጥ ብሎ ቢሄድ እንኳ፥ 100 ሜትር ላይ ሲደርስ ከታለመበት 9 ሜትር ያህል ይርቃል። ይህን 5 ዲግሪ ያመጣው የእጅ አያያዝ፥ የትከሻ አቋምና መጣደፍ ነው፤ በገንዘብም አይታረምም።

ውዱ ዱላ በርግጥ የሚረዳው ኳሱ ከፊቱ መካከል ውጭ ሲመታ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት ካርስተን ሶልሃይም የተባለ ኢንጂነር የዱላውን ራስ ክብደት ከመካከል ወደ ዳር አወጣው፤ በዚህም ምክንያት ከመካከል ውጭ የተመታ ኳስ ራሱን ብዙ አያጣምመውም። ነገር ግን ይህ ዘዴ ዛሬ የጥቂቶች ምስጢር አይደለም፤ በጣም ርካሹ የጀማሪ አይረን እንኳ ጀርባው ጐድጐድ ብሎ ክብደቱ ወደ ዳር የወጣ ነው። ይልቁንም ለባለሙያ ብቻ ተብለው የሚሠሩ፥ ቀጭንና የሚያብረቀርቁ ውድ አይረኖች ለጀማሪ ይቅርታ የማያውቁ ናቸው። በድራይቨርም በኩል ቢሆን ከ2004 ጀምሮ የራሱ መጠን ከ460 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ፊቱ ኳሱን የሚያነጥርበትም ኀይል በሕግ ተገድቧል። ስለሆነም ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ዓመት የሆነው ያገለገለ ድራይቨር በዚሁ ጣሪያ አጠገብ የተሠራ ነው፤ ማስታወቂያው በየዓመቱ ከሚሰብከው ጋር ግን አይገናኝም።

ያገለገለ ዱላ የሚገዛ ሰው ዓይኑን ከቀለሙ ላይ አንሥቶ የሚከተለውን ይመልከት። በመጀመሪያ ዱላው የቀኝ ወይስ የግራ እጅ መሆኑን ይጠይቅ፤ ለግራኝ የተሠራው ለቀኝ አይሆንም፤ ሻጩም ይህን ላይነግር ይችላል። ቀጥሎ ዘንጉን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይኑ አቅርቦ መጉበጡን ይይ፤ የጐበጠ ወይም የተሰነጠቀ ዘንግ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ፤ በምት ጊዜ ተሰብሮ ሰው ሊጐዳ ይችላል። ራሱን ይዞ ጠምዘዝ ያድርገው፤ ከነቃነቀ ወይም ሲነቀነቅ ከተንኳኳ ማጣበቂያው ለቋል ማለት ነው። በፊቱ ላይ ያሉት መስመሮች በዌጅ ላይ ብዙ ዋጋ አላቸው፤ ኳሱ ሲያርፍ ቶሎ እንዲቆም የሚያሽከረክሩት እነርሱ ናቸው። በሌሎቹ ላይ ትንሽ ቢያልቁ አያሳስብም። የላስቲኩ መያዣ ደርቆ የሚያንሸራትት ቢሆን ግን ዱላውን አይናቁት፤ መያዣ ይለወጣል፤ ዋጋውም ከዱላው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የሚያንሸራትት መያዣ ጣትን አጥብቆ ያስጨብጣል፤ ጥብቅ እጅ ደግሞ ክንድን ያደርቃል። እኛ ገንዘቡ ጥቂት ለሆነ ሰው የምንመክረው በዱላው ቆጥቦ በመያዣው እንዳይቆጥብ ነው። ርዝመቱንም ቆም ብሎ ይለካው፤ ለልጅ የተሠራ ዱላ ረጅሙን ሰው አጐንብሶ ወገቡን ያሳምመዋል።

ስለ ኳስም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም፤ ታሪኩ ያስደስተናልና። በጥንት ዘመን የጎልፍ ኳስ ማለት የተቀቀለ የወፍ ላባ በቆዳ ከረጢት ውስጥ ተጠቅጥቆ የተሰፋ ነበር። አንድ ባለሙያ በቀን የሚሠራው ጥቂት ብቻ ስለ ነበረ ዋጋው ከዱላው ይበልጥ ነበር፤ ዝናብ ሲነካውም ይበላሽ ነበር። በ1848 ገደማ ግን ጉታ ፐርቻ ከሚባል የሩቅ ምሥራቅ ዛፍ ሙጫ የተሠራ ኳስ መጣ። ርካሽ ነው፤ ሲጐዳም በፈላ ውሃ አለስልሶ እንደገና ማድቦልቦል ይቻላል። ጨዋታው በፍጥነት የተስፋፋውም ከዚህ በኋላ ነው። ይልቁንም የሚገርመው ተጫዋቾች አዲሱና ልሙጡ ኳስ ሲወላገድ፥ ብዙ ተመትቶ የተፈገፈገው አሮጌ ኳስ ግን ቀጥ ብሎና ርቆ ሲበር ማየታቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ሠሪዎቹ አዲሱን ኳስ አስቀድመው ያቈስሉት ጀመር፤ ዛሬ በኳሱ ላይ የምናያቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች የዚያ ልጆች ናቸው። እንግዲህ ጀማሪ ከሣር ውስጥ ተለቅሞ በርካሽ የሚሸጥ አሮጌ ኳስ ይዞ ቢመጣ ማንም አይሳቅበት። በመጀመሪያዎቹ ወራት በጫካና በውሃ ውስጥ የሚቀረው ብዙ ነውና ለአዲስ ኳስ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው።

በድሃ ዱላ ስለ ጀመሩ ታላላቅ ተጫዋቾች ብዙ መናገር ይቻላል። ስፔናዊው ሰቬ ባየስቴሮስ ልጅ ሳለ ያለው አንድ 3 ቍጥር አይረን ብቻ ነበር፤ በፔድሬኛ የባሕር ዳር አሸዋ ላይ በዚያችው አንዲት ዱላ ሩቁንም ቅርቡንም መምታት ተማረ። በ1979፥ በ22 ዓመቱ፥ የብሪታንያን ኦፕን አሸነፈ። የቴክሳሱ ሊ ትሬቪኖ ከድሃ ቤት ወጥቶ፥ ኳሱን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ እየመታ ዱላ ከያዙ ሰዎች ጋር ይወራረድ ነበር፤ በ1968 የዩናይትድ ስቴትስን ኦፕን ወሰደ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልናስታውሰው የምንወደው በአህጉራችን የተወለደውን ሰው ነው። ሰውሰንከር ሰውጎለም፥ በቅጽል ስሙ ፓፕዋ፥ በደርባን አጠገብ የኖረ የሕንድ ዘር ያለው ደቡብ አፍሪካዊ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቶ ንባብ አልተማረም፤ ኑሮው የነጮችን የዱላ ከረጢት እየተሸከመ መከተል ነበር። መምታት የጀመረው ከዛፍ በቈረጠው በትር ነው። ያስተማረው ሰው ስላልነበረም ሁለቱን እጆቹን ሌላው ሰው ከሚይዝበት ገልብጦ፥ ግራውን ከታች ቀኙን ከላይ አድርጎ ይይዝ ነበር፤ እስከ መጨረሻውም እንዲሁ ያዘ። በዚሁ አያያዝ የሆላንድን ኦፕን በ1959፥ በ1960ና በ1964 አሸነፈ። በ1963 በገዛ አገሩ የናታልን ኦፕን ሲያሸንፍ፥ በዘር መለያየት ምክንያት ሽልማቱን የተቀበለው ከክለቡ ቤት ውስጥ ሳይሆን ከደጅ፥ በዝናብ ቆሞ ነበር። በ1965 ያንኑ ውድድር ጋሪ ፕሌየርን ቀድሞ እንደገና አሸነፈ። ከዚያ በኋላ መንግሥቱ ከውድድሮቹ አገደው። በ1978 በድህነት ሞተ።

የፓፕዋ ችግር ዱላ አልነበረም። በትርም ቢይዝ ኳሱ ይታዘዘው ነበር፤ ያልታዘዘው በሩ ነው። ዛሬ ያ የዘር ሕግ የለም፤ ነገር ግን በብዙ አገር የጎልፍ በር የሚጠበቀው በአባልነት ክፍያ፥ በዋስ አቅራቢና በልብስ ደንብ ነው። ርካሽ ዱላ ይዞ የመጣ ተማሪ ከበሩ ላይ ከተመለሰ የእኛ ምክር ሁሉ ምን ይጠቅመዋል? ጨዋታው ግን ከጥንት እንዲህ አልነበረም። የስኮትላንድ ፓርላማ በ1457 ጎልፍንና እግር ኳስን አንድ ላይ የከለከለው ሰዉ የቀስት ልምምዱን እየተወ ስላስቸገረ ነው፤ የጥቂት መኳንንት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፓርላማውን ባላስጨነቀው። በሴንት አንድሩስ ያለው እጅግ የታወቀው አሮጌው ሜዳ ዛሬም የሕዝብ መሬት ነው፤ እንደ ልማዱ እሑድ ለጨዋታ ተዘግቶ የከተማው ሰው ከነውሻው ይንሸራሸርበታል። ሣር በማይበቅልባቸው የአፍሪካ ክፍሎችም በጉድጓዱ ዙሪያ ዘይት የተረጨ አሸዋ ደልድለው የሚጫወቱ አሉ። ስለዚህ ለምለም ሣርና ብዙ ውሃ የግድ ነው የሚለው ክርክርም አይጸናም። የስፖርት ጉዳይ የሚመለከታቸው ሰዎች ስለ ሜዳ ሲወያዩ ይህን ቢያስቡበት እንወዳለን።

እስከዚያው ድረስ ተማሪው ሜዳ ሳይገባ ሊለማመደው የሚችለው ብዙ ነው። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ከሚመቱት ምቶች ትልቁ ክፍል በጉድጓዱ ዙሪያ የሚያልቅ ነውና በፓተር ይጀምር። በመኝታ ቤቱ ወለል ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ፥ አፉ የጉድጓዱን ያህል የሚሰፋ ጣሳ በጐኑ አስተኝቶ፥ ከሁለት ሜትር ላይ በተከታታይ 10 ጊዜ እስኪያገባ ድረስ አይነሣ። ከዚያ በ9 ቍጥር አይረን ከሣር ላይ ወደ ባልዲ፥ ከዐሥር እርምጃ፥ ክንዱን ሳያነሣ ያንሳው። ሙሉውን ምት ግን በግቢያችን ውስጥ አይሞክረው። የኳሱ ክብደት 46 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን የቤተ መጻሕፍቱን መስተዋት ለማውረድ ይበቃል። ዱላውን ከማንሣቱም በፊት ከኋላው ማን እንደ ቆመ ዞር ብሎ ይመልከት።