ስለ ካርድ ክፍል ሥራና ስለ አእምሮ ሕሙማን አቀባበል

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲሉ፣ እንግዳ ከማዕዱ አስቀድሞ በአስተናጋጁ ገጽ እንደሚጠግብ ማመልከታቸው ነው። ይህ ቃል በሕክምና ቤትም ይሠራል። በሽተኛ ሐኪሙን ከማየቱ በፊት የሚያየው በካርድ ክፍል መስኮት የተቀመጠውን መዝጋቢ ነውና። ሕመሙ የአእምሮ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ብዙ ጊዜ በሽተኛው የሚመጣው አፍሮና ፈርቶ፣ ወይም በዘመድ ተገፋፍቶ ነው።

በ1930 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገራችን ለአእምሮ ሕሙማን ብቻ የተለየ ብቸኛ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቶ ነበር። ከሚዛን ተፈሪ፣ ከሸኮ ወይም ከቴፒ ወደዚያ ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ስለሚያስፈልግ፣ በሽተኛውን በቤት ደብቆ ወይም አስሮ ያኖረ ቤተሰብ ጥቂት አልነበረም። በ2005 ዓ.ም. ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያወጣው የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስልት ግን ይህ ሕክምና ከአጠቃላዩ የጤና አገልግሎት ጋር ተያይዞ እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ እንዲወርድ አሰበ። እንግዲህ መንገዱ ሲያጥር የመዝጋቢው ኃላፊነት ከፍ አለ ማለት ነው።

የመዝጋቢው የመጀመሪያ ሥራ ማንነትን በትክክል መጻፍ ነው። በውጭ አገር በተማርሁበት ጊዜ መዝገብ ሁሉ በቤተሰብ ስም ሲደረደር አይቻለሁ፤ እኛ ግን የቤተሰብ ስም ስለሌለን የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ከዕድሜና ከቀበሌ ጋር መጻፍ ግድ ነው። «ኃይሌ» የሚለውን ስም አንዱ በ«ሀ»፣ ሌላው በ«ኀ» ቢጽፈው አንድ ሰው ሁለት ካርድ ያወጣል፤ ሁለት ስመ ሞክሼዎች በአንድ ካርድ ቢገቡ ደግሞ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ይታዘዛል። ስለዚህ ለአንድ በሽተኛ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩም በሚመጣበት ጊዜ ሁሉ አይለወጥም።

ሁለተኛው ሥራ መጠየቅና ማድመጥ ነው። በአገራችን ደቡብ ምዕራብ የሸኮ፣ የቤንች፣ የካፋና የሌሎችም ቋንቋዎች ስለሚነገሩ፣ በሽተኛው በየትኛው ቋንቋ መናገር እንደሚቀለው አስቀድሞ ይጠየቃል። ጥያቄውም «እርስዎ» ተብሎ ለራሱ ለበሽተኛው ይቀርባል እንጂ፣ እርሱ ቆሞ ሳለ «ምን ሆኖ ነው?» ተብሎ ዘመዱ ብቻ አይጠየቅም። ጠበል ሲጠመቅ የቆየ ቢሆን አይነቀፍም፤ መድኃኒት ይወስድ እንደ ነበር ግን ይጠየቃል።

ሦስተኛው ምሥጢር መጠበቅ ነው። አንድ ጊዜ አንድ መዝጋቢ በተሞላ ግቢ መካከል «የአእምሮው በሽተኛ፣ ግቡ!» ብሎ ሲጣራ ሰምቻለሁ። የተጠራው ሰው መምህር ነበር፤ ከተሰበሰቡት መካከልም ተማሪዎቹ ነበሩ። አንገቱን ደፍቶ ከግቢው ወጣ። የተመለሰው ከብዙ ወራት በኋላ፣ እንቅልፍ አጥቶና ከሥራው ተለይቶ፣ በወንድሙ ተደግፎ ነው። መዝጋቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቃሉ የሚያደርሰውን ጉዳት ማንም አላስተማረውም እንጂ። በሽተኛ በቁጥሩ ወይም በስሙ ብቻ ይጠራ፤ የሕመሙ ዓይነት በካርዱ ሽፋን ላይ አይጻፍ፤ ካርዱም በዘመድ እጅ አይዙር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የጤናን ነገር የተለየ ጥበቃ ከሚያሻቸው መረጃዎች ጋር ቆጥሮታል።

አራተኛው ቀጠሮ ነው። በቡና ለቀማ ወራት ሰው ሁሉ ወደ ማሳ ይወርዳል፤ በክረምትም መንገዱ ጭቃ ይሆናል። መዝጋቢው ይህን አስቦ ከነርሱ ጋር በመመካከር ቀኑን ቢያመቻች ብዙ ጥፋት ይድናል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እንደ ፌኖባርቢታል ያለውን መድኃኒት በድንገት ያቋረጠ እንደሆነ፣ ሕመሙ ያለ ማቋረጥ እየደጋገመ ሊጥለውና ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ በቀጠሮው ቀን የቀረው ሰው በዚያው ዕለት ከመዝገብ ተለይቶ፣ አስቀድሞ በፈቀደው መንገድ በስልክ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ይፈለግ።

አንድ ነገር ግን ተራ አይጠብቅም። «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል፣ ራሱን ወይም ሌላውን ለመጉዳት የሚያስብ፣ ወይም የሚጥል በሽታው ያልለቀቀው ሰው ሲመጣ፣ መዝጋቢው ካርዱን ትቶ ወዲያው ነርሱን ይጥራ፤ በሽተኛውንም ብቻውን አይተወው።

መምህራንና የከተማችን ነዋሪዎች ሆይ፣ በዚህ ሥራ እናንተም ድርሻ አላችሁ። ዘመዳችሁን ወደ ሕክምና ስታመጡ የቀድሞ ካርዱን፣ የጤና መድን ደብተሩንና የሚወስደውን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዛችሁ ኑ። በክፍል ውስጥም «እብድ» የሚለው ቃል ለስድብ እንዳይውል ልጆቹን አስተምሩ። ከመስኮቱ በስተ ውስጥ ያለው መዝጋቢ ስሙን አክብሮ ቢጽፍለት፣ በስተ ውጭ ያለው ጎረቤትም አክብሮ ቢጠራው፣ በሽተኛው በቀጠሮው ቀን ተመልሶ ይመጣል፤ ተመልሶ የመጣም ሰው ሊድን ይችላል።