ልብ ሲወጠር ደም ውስጥ የሚታይ ምልክት

«ደም ብዛት» የሚለው ስም ያሳስታል፤ የሚበዛው ደሙ ሳይሆን ደሙ በሥሮቹ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ነው። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ሆርሞንም ስሙ እንደዚሁ ነው። ቢኤንፒ ይባላል፤ «ቢ» የተወሰደችው አንጎል ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ጃፓኖች መጀመሪያ ያገኙት በአሳማ አንጎል ውስጥ ነበርና። በኋላ ሲጣራ ግን ዋናው ምንጩ ልብ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ አዶልፎ ደ ቦልድና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ ከአይጥ ልብ የላይኛው ክፍል የወሰዱትን ጭማቂ ሌሎች አይጦችን በደም ሥር ወጓቸው። በደቂቃዎች ውስጥ አይጦቹ ሽንታቸው በዛ፤ ከሽንቱም ጋር ብዙ ጨው ወጣ። ደም መርጨት ብቻ ሥራው የሚመስለው ልብ ለካ ኩላሊትንም ያዛል! በጭማቂው ውስጥ የነበረው ንጥረ ነገር የቢኤንፒ የቅርብ ዘመድ ነው።

ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የልብ ጡንቻ ይወፍራል፣ ግድግዳው ይወጠራል። የተወጠሩት ሴሎች የሚያመነጩት ፕሮቲን ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቢኤንፒ ነው፤ የደም ሥሮችን ያላላል፣ ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲያስወጣ ያደርጋል። ልብ ሸክሙን ለማቅለል መድኃኒቱን ራሱ ይቀምማል ማለት ነው፤ እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ሌላው፣ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ፣ ይህን ሥራ አይሠራም፤ ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ግን ለላቦራቶሪ ይመቻል።

የክንድ መለኪያ የዛሬውን ግፊት ይናገራል፤ ልብ እንዴት እንደተሸከመው ግን አይናገርም። ሁለት ሰዎች እኩል 150 በ95 ቢለኩ፣ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒው ከፍ ያለበት ሰው ወደፊት በልብ ድካም የመያዝ ዕድሉ ይበልጣል። በተመላላሽ ታካሚ ላይ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚያዩት መነሻ በሚሊ ሊትር 125 ፒኮግራም ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይነበብም። ዕድሜና የኩላሊት ሕመም ከፍ ያደርጉታል፤ ውፍረት ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ከባድ ክብደት ያለው ሰው «ውጤትህ ዝቅተኛ ነው» ስለተባለ ብቻ መዘናጋት የለበትም።

ምርመራው በአቅራቢያዎ ባይኖር የኩላሊት ምርመራና የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ስለ ጉዳቱ ብዙ ይናገራሉ፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ። «ምንም አላመመኝም» ብለው ግን የታዘዘልዎትን መድኃኒት አያቋርጡ።