የፎገራ ሩዝ ከአውድማ እስከ መፈልፈያ፤ የምግብ ማቀነባበር ፖሊሲው በጣና ዳር

የእርሻ ምርትን በአገር ውስጥ አቀነባብሮ ለገበያ ማቅረብ የመንግሥት የልማት አቅጣጫ ሆኖ ከተያዘ ቆይቷል። በዚሁ መሠረት የቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባዕከርም ለዚሁ ዓላማ በመጀመሪያው ዙር ከተመረጡት ቦታዎች ናቸው። ስለ ምግብ ኢንዱስትሪ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደነዚህ ፓርኮች ይሄዳል። በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ግን ፓርክ ሳይጠብቅ የበቀለ የምግብ ኢንዱስትሪ አለ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወረታ ለሚደርስ ሰው የሩዝ መፈልፈያዎች የከተማዋ አንድ መታወቂያ ናቸው። ቡሬ ከወረታ በመኪና 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ የፎገራ ገበሬ ፖሊሲውን የሚያገኘው በፓርኩ በር ሳይሆን በእነዚሁ መፈልፈያዎች በኩል ነው።

ሩዝ ለፎገራ ሜዳ የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት፣ በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራ ወረዳ በሻጋ በነበሩት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ። ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት፣ ለሌላ ሰብል ያስቸገረው ጥቁር አፈር ለሩዝ ተስማማው። ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሩዙ ግን በገበሬው እጅ ቀረ። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያም እስከ ዛሬ የማኅበሩን ስም ተሸክሞ ይኖራል። በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ልማት ስትራቴጂ ወጣ፤ በኋላም የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በወረታ ተቋቋመ።

ከውጭ የሚገባውን ሩዝ በአገር ምርት ለመተካት ከሔክታር የሚገኘውን ኩንታል ማብዛት ብቻውን አይበቃም። ለወጥ ቤቱ ሩዝ የሚገዛ የከተማ ሰው የሚፈልገው ነጭ፣ ሙሉ ፍሬና ጠጠር የሌለበት ነው። ከነገለፈቱ ካለ 100 ኪሎ ሩዝ 20 ኪሎ ያህሉ ገለፈት፣ 10 ኪሎ ያህሉ ፉርሽካ ሆኖ ይወጣል፤ ለምግብ የሚቀረው በጥሩ አያያዝ ከ65 እስከ 70 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ ስንቱ ሙሉ ፍሬ፣ ስንቱ ስብርባሪ ነው? ዋጋውን የሚወስነው ይህ ነው።

ለስብራቱ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው መፈልፈያው ነው። ወቀሳው በከፊል እውነትነት አለው። መላጡንና ማንጣቱን በአንድ ጊዜ የሚሠራው የብረት መፈልፈያ ፍሬ ይሰብራል፤ በጎማ ጥቅል ልጦ ማንጣቱን ለብቻ የሚያከናውነው ይሻላል። ቀድሞ የተሰነጠቀን ፍሬ ግን የትኛውም መሣሪያ አይጠግነውም፤ ስንጥቁ የሚጀምረውም ማሳ ላይ ነው።

ከመቶ ፍሬ 80 እስከ 85 ያህሉ ቢጫ ሲሆን ሩዝ ለአጨዳ ደርሷል። ከዚያ አልፎ የቆመ ሩዝ ቀን በፀሐይ እየደረቀ ሌሊት በጤዛ እየራሰ ይሰነጠቃል። በሌላ በኩል የፎገራ ገበሬ በማሳው የቀረው እርጥበት ሳያልቅ ጓያ ወይም ሽንብራ ለመዝራት ይቸኩላል፤ ሩዙንም እርጥብ እያለ አጭዶ ይከምራል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይህን እንደ ቸልተኝነት እንዳይመለከቱት እናሳስባለን፤ የሁለተኛ ሰብል ጉዳይ ነውና። ምክሩ መሆን ያለበት ክምሩ ሳይቆይ እንዲወቃ ነው። እርጥብ ክምር ይግላል፣ ፍሬው መልኩን ይለውጣል፣ ሻጋታም ይይዘዋል።

የተወቃው ሩዝ በሸራ ላይ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ተዘርግቶ በየግማሽ ሰዓቱ ይገላበጥ፤ የቀትር ፀሐይ ሲበረታ ይሸፈን፤ እርጥበቱ ወደ 14 በመቶ ሲወርድ ይነሣ። መለኪያ በሌለበት ፍሬውን በጥርስ መሞከር ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፣ ከለሰለሰ ገና ነው። በባዶ መሬት ላይ በከብት ማበራየት ጠጠሩን ከሩዙ ጋር ስለሚያደባልቅ፣ አንድ ማኅበር ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ መግዛት ያለበት በእኛ አስተያየት ሸራ ነው።

ይህን ሁሉ የደከመ ገበሬ ምን ያገኛል? ፖሊሲው የሚላላው እዚህ ላይ ይመስለናል። ለፋብሪካና ለመሣሪያ ማበረታቻ ይታሰባል፤ የደረቀውና እርጥቡ፣ የተበጠረውና ጠጠር ያለበት በአንድ ዋጋ ከተገዛ ግን ለጥራት የሚደክም አይኖርም። እንዲያውም እርጥቡ ሚዛን ላይ ስለሚከብድ ያልደከመው ይጠቀማል። ማኅበራት ይህን ለማረም ሌላ መመሪያ መጠበቅ አያሻቸውም። በመጋዘኑ በር እርጥበት ለክቶ፣ ዝርያውን ሳይደባልቁ በየደረጃው አስቀምጦ፣ ለተሻለው ብልጫ ያለው ዋጋ መክፈል ይቻላል። ከአቀነባባሪ ጋር ሲዋዋሉም በግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 መሠረት መጠኑን ብቻ ሳይሆን የእርጥበቱን ልክ፣ የዝርያውን ስምና የየደረጃውን ዋጋ በውሉ ያስገቡ።

ስብርባሪውም የሚጣል አይደለም። በአካባቢው ሩዝ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል፤ ለዱቄት ደግሞ ስብራት ጉዳት የለውም። ሙሉውን ለድስት፣ ስብርባሪውን ለእንጀራ ለይቶ መሸጥ አንዱ የሌላውን ዋጋ እንዳያወርድ ያደርጋል። ይህንንም ከወንፊት ያለፈ መሣሪያ ሳይኖር መጀመር ይቻላል።

በምዕራብ አፍሪካ ሴቶች ሩዙን ከነገለፈቱ ነክረው በእንፋሎት ካበሰሉ በኋላ አድርቀው ያስፈለፍላሉ። እንዲህ የተዘጋጀ ፍሬ ይጠነክራል፣ ብዙም አይሰበርም፤ ከፉርሽካው ጋር ይጠፋ ከነበረው ቫይታሚን ከፊሉም በፍሬው ውስጥ ይቀራል። መልኩ ግን ወደ ቢጫነት ያደላል፤ ነጭ ለለመደ ገዥ ይህ እንቅፋት ነው። የማገዶውም ወጪ አለ፤ በዚህ በኩል ገለፈቱ ሊያግዝ ይችላል። ስለዚህ በጥቂት ኩንታል ሞክሮ ገበያውን ሳያዩ ትልቅ ማብሰያ መግዛትን አንመክርም።

ፉርሽካውን በሚመለከት፣ የገበሬው ይሁን የመፈልፈያው ባለቤት ሩዙ ከመፈልፈሉ በፊት ይነገር። ጥሩ የከብት መኖ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ቅባት ቶሎ ስለሚበላሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለከብት አርቢዎች መድረስ ይኖርበታል።