ከብጉሩ ጀርባ ያለው ክሬም

ለብጉር ሕክምና ወደ ጤና ተቋም የሚመጣ ሰው ከመምጣቱ በፊት ፊቱ ላይ ያልሞከረው ነገር ጥቂት ነው። ሎሚ፣ ማር፣ እርድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ከጓደኛ የተዋሰው ክሬም፣ ያለ ማዘዣ የተገዛ ቅባት፣ በዘመድ እጅ ከውጭ የተላከ ሎሽን ሁሉም በየተራቸው ተቀብተው አልፈዋል። ይሁንና ይህ ታሪክ በታማሚው ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ክሬምን ከመድኃኒት ስለማይቆጥር «የለም» ብሎ ይመልሳል፤ ዋሸ ሊባልም አይችልም። ጉድለቱ ያለው በጥያቄው ላይ ነው። የፊት ቆዳ ታማሚ የተቀባውን ነገር ሳያውቁ መድኃኒት ማዘዝ ደግሞ፣ ቀጥሎ እንደሚታየው፣ በሽታውን ራሱን አሳስቶ እስከ መለየት ያደርሳል።

እንደሚታወቀው ብጉር የሚጀምረው በጸጉር ቀዳዳና በወዝ ዕጢ ውስጥ ነው። በሆርሞን ግፊት ወዝ ይበዛል፣ የቀዳዳው አፍ በሞቱ ሕዋሳት ይደፈናል፣ በውስጡ የሚኖረው ኩቲባክቴሪየም አክኒስ የተባለው ባክቴሪያ ይራባል፣ ብግነትም ይከተላል። ይህ ሁሉ በማንኛውም የቆዳ ቀለም ላይ አንድ ነው። ልዩነት የሚመጣው ብጉሩ ከከሰመ በኋላ ነው። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ብግነቱ ቀለም አመንጪ ሕዋሳትን ስለሚቀሰቅስ በእያንዳንዱ ብጉር ቦታ ጥቁር ነጠብጣብ ይቀራል፤ ነጠብጣቡም ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ብዙ ታማሚዎች «ብጉሩ አልጠፋ አለኝ» ሲሉ የሚያሳዩት ይህንኑ ነጠብጣብ ነው። ሐኪሙ የሚያየው ብግነትን ነው፤ ታማሚዋ በመስታወት የምታየው ግን ጥቁረትን ነው። ሁለቱ የሚነጋገሩት ስለተለያየ ነገር ስለሆነ፣ ታዛ የወጣችውን መድኃኒት ጥላ ወደ ማንጫ ክሬም ብትሄድ ሊያስገርም አይገባም።

በሦስት ቀን የሚያሽል ቅባት

ማንጫ ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች ብዙዎቹ ኃይለኛ ኮርቲኮስቴሮይድ አላቸው። በተለይ 0.05 በመቶ ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት በዚህ የመድኃኒት ወገን ከሁሉ የላቀ ኃይል ካላቸው ቅባቶች የሚመደብ ሲሆን፣ በቆዳ ሕክምና ለፊት አይታዘዝም ማለት ይቻላል። ቤታሜታዞንም ኃይለኛ ከሚባሉት ነው። አንዳንዶቹ ስቴሮይዱን ከፀረ ፈንገስና ከፀረ ባክቴሪያ ጋር ቀላቅለው የያዙ በመሆናቸው ለማንኛውም የፊት ሽፍታ የሚሆኑ ይመስላሉ።

የታማሚዎቹ ታሪክ በዝርዝሩ ቢለያይም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። አንዲት ወጣት ፊቷ ላይ ጥቂት ብጉር ይወጣባታል፤ ሰርግ በሚበዛበት በጥር ወር ሚዜ ልትሆን ወይም ራሷ ልታገባ ስለሆነ ጊዜ የላትም። የተመከረችውን ክሬም ስትቀባ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ብጉሩ ይረግባል፣ ፊቷም ይፈካል። ይህ የታየ ውጤት እንጂ የምኞት አይደለም፤ ስቴሮይድ ብግነትን ያበርዳል፣ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ የቆዳን ቀለም ያሳሳል። ስለዚህ ደስ ብሏት ትቀጥላለች። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ግን ቆዳዋ ይሳሳል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ጉንጯና አገጯ ላይ ጸጉር ይበቅላል፣ ብጉሩም በአዲስ መልክ ይመለሳል። ክሬሙን ስታቆም በቀናት ውስጥ ፊቷ ይቃጠላል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ መግል የቋጠሩ እብጠቶችም ይወጡበታል። ከዚህ የምትደርስበት መደምደሚያ አንድ ነው፦ «ክሬሙ ተስማምቶኝ ነበር፤ የታመምኩት ሳቆመው ነው።» መልሳ ስትቀባ ደግሞ ይሻላታል። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን በ1970ዎቹ ይህን ሁኔታ የስቴሮይድ ሱስ ብሎ የገለጸው በዚህ ዑደት ምክንያት ነው።

በስቴሮይድ የመጣ ብጉር ከተለመደው ብጉር በዓይን ሊለይ ይችላል። እብጠቶቹ በመጠንም በእድሜም አንድ ዓይነት ናቸው፤ በአንድ ጊዜ የወጡ ይመስላሉ፤ ኮሜዶን ጥቂት ነው ወይም የለም። ሽፍታው በአፍ ዙሪያ ሆኖ ከከንፈር ጠርዝ አጠገብ ጠባብ ንጹሕ መስመር ከተወ ይበልጥ ያጠራጥራል። መጻሕፍት «መቅላት» የሚሉት ምልክት በጠይም ፊት ላይ ሐምራዊ ወይም ጠቆር ያለ ሆኖ ስለሚታይ ቀይ ነገር ብቻ የሚፈልግ ዓይን ያልፈዋል። ክሬሙ በዓይን ቆብ ላይ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ የዓይን ግፊት መጨመርንና የዓይን ሞራን ሊያስከትል ስለሚችል ስለ እይታ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ሌላው አደጋ የተሸፈነው በሽታ ነው። ስቴሮይድ የተቀባ የፊት ጭርት ጠርዙ ይደበዝዝና ብጉር ወይም አለርጂ ይመስላል። በደጋው የአገራችን ክፍል የሚገኘው ቁንጭርም ሲጀምር አንዲት ብጉር መስሎ ጉንጭ ወይም አፍንጫ ላይ ሊወጣ ይችላል። ለሳምንታት ያልዳነ፣ ብቸኛ የሆነና እያደገ የሚሄድ እብጠት ብጉር ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። የሥጋ ደዌም ፊትና ጆሮ ላይ እብጠት ሆኖ ሊታይ እንደሚችል ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሜርኩሪና ሃይድሮኪኖን

ከስቴሮይድ ሌላ በማንጫ ቅባቶች ውስጥ የሚገኙት ሁለቱ ዋና ዋና ነገሮች ሜርኩሪና ሃይድሮኪኖን ናቸው። ሜርኩሪ የሜላኒንን ምርት ያግዳል፤ በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ ግን ኩላሊትን ይጎዳል። በናይሮቢ በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የኔፍሮቲክ ሲንድረም ከነበረባቸው 60 አዋቂዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሜርኩሪ ያለበት ማንጫ ክሬም ተጠቃሚዎች ነበሩ። ይህ የቆየ ጥናት ትምህርቱ አላረጀም፤ እግሯ ያበጠና ሽንቷ ፕሮቲን ያለበት ወጣት ሴት ስትመጣ የፊት ክሬሟን የሚጠይቅ ስንት ነው? እንቅልፍ ማጣት፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የጠባይ መለዋወጥም የሜርኩሪ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች ከገበያ እንዲወጡ ይጠይቃል፤ በስምምነቱ መሠረት ቀድሞ የነበረው የአንድ ሚሊዮንኛ መጠን ገደብም በ2023 እ.ኤ.አ. ተነሥቷል። በአገራችንም የመዋቢያ ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተደንግጓል። ይሁን እንጂ በየሱቁ ይዘቱ ያልተጻፈበት ወይም በማይነበብ ቋንቋ የተጻፈበት ማሰሮ እስካለ ድረስ ሕጉ ብቻውን የታማሚዋን ፊት አይጠብቅም።

ሃይድሮኪኖን በሐኪም ክትትልና ለተወሰነ ጊዜ ለማድያት ሊታዘዝ የሚችል መድኃኒት ነው። ያለ ቁጥጥር ለዓመታት ሲቀባ ግን የተፈለገውን ተቃራኒ ያመጣል፤ በጉንጭ አጥንትና በግንባር ላይ ሰማያዊ ያዘለ ጥቁረት ይጥላል። ኦክሮኖሲስ የሚባለውን ይህን ጉዳት ከማንጫ ክሬም ጋር በማያያዝ በ1975 እ.ኤ.አ. የገለጹት የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ሲሆኑ፣ አገሪቱም ቆይታ ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያ አግዳለች። አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ታማሚዋ ጥቁረቱን ባየች ቁጥር ክሬሙን ትጨምራለች።

ስለ አጠያየቅ

«ክሬም ትቀቢያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «አልቀባም» የሚል መልስ ያመጣል፤ መንጣት መፈለግ በሰው ፊት የሚነገር ነገር ስላልሆነ ነው። «እህቴ፣ ጠዋት ስትነሺ ፊትሽን በምን ትታጠቢያለሽ? ከዚያስ ምን ትቀቢያለሽ? ማታስ?» ብሎ በቅደም ተከተል መጠየቅ የተሻለ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሚቀጥለው ቀጠሮ ቤቷ ያለውን ቅባት ሁሉ በፌስታል ይዛ እንድትመጣ ማድረግ ነው። ለወንዶችም ያው ጥያቄ ይቅረብ፤ ክሬም የሴት ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ከእውነቱ ጋር አይሄድም። ቅባቱ ፊት ላይ ብቻ ሳይሆን ገላን ሁሉ የሚዳረስ ከሆነ ስኳር፣ የደም ግፊትና የኩሺንግ ምልክቶች ይፈተሹ፤ እንዲህ ያለች ታማሚ ክሬሙን በድንገት ብታቆም የአድሬናል ዕጢ ድካም ሊገጥማት ይችላል። እርግዝናም ይጠየቅ። በዳካር የተደረገ ጥናት ኃይለኛ ስቴሮይድ የሚቀቡ ነፍሰ ጡሮች ዝቅተኛ ክብደት ያለው ሕፃን የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

የሚዋጡና የሚወጉ መድኃኒቶችም ብጉር እንደሚያስነሡ አይዘነጋ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድ፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ በክንድ ውስጥ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ከእነዚህ ናቸው። ይህን ማወቅ መድኃኒቱን ለማስቆም ሳይሆን ለታማሚው ለማስረዳት ይጠቅማል፤ በብጉር ምክንያት የነቀርሳ መድኃኒቱን የተወ ሰው ጉዳቱ ከብጉር እጅግ ይከፋል። በግንባርና በጸጉር መጀመሪያ ላይ ብቻ የተደረደሩ ጥቃቅን ኮሜዶኖች ሲታዩ ደግሞ ወደ ፊት የሚወርደው የጸጉር ቅባት፣ ቫዝሊንም ሆነ ለጋ ቅቤ፣ ሊጠረጠር ይገባል።

ሜካፕን በሚመለከት ባለሙያዎች የመከልከል ልማድ አላቸው። ፊቷ በብጉር የተጎዳ ሴት ያለ መሸፈኛ ከቤት መውጣት ሊከብዳት ይችላል፤ «ተዪው» መባሏ ሜካፑን ሳይሆን ሐኪሙን እንድትተው ያደርጋታል። ወፍራምና ቅባታም ፋውንዴሽን ቀዳዳን ሊደፍን እንደሚችል፣ ማታ ሳይታጠቡ መተኛት እንደማይገባ፣ ብሩሽና ስፖንጅ ከሌላ ሰው ጋር መዋዋስ እንደማይጠቅም ነግሮ ቀለል ያለውን ማስመረጥ ይበቃል። ኩል ግን የራሱ ጥንቃቄ አለው፤ አንዳንዱ እርሳስ የተባለው ማዕድን ስላለበት በተለይ ለሕፃናት መኳል የለበትም።

ሕክምናው

ስቴሮይድ የለመደ ፊት መጀመሪያ ከስቴሮይዱ መላቀቅ አለበት። ለወራት የተቀባ ኃይለኛ ቅባት በ1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ተተክቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየተራራቀ ይቆማል። ፊቱ እንደሚያገረሽ ለታማሚዋ አስቀድሞ መንገር የሕክምናው አካል ነው፤ ያልተነገራት በአምስተኛው ቀን ወደ ቀድሞው ክሬም ትመለሳለች። በዚህ ጊዜ ለስላሳ ማጠቢያ፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻና፣ እርጉዝ ካልሆነች፣ ዶክሲሳይክሊን ይረዳሉ።

ለተለመደው ብጉር ቤንዞይል ፐርኦክሳይድና አዳፓሊን መሠረት ናቸው። የቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5 በመቶ ዝግጅት ከ10 በመቶው ያላነሰ ውጤት በአነስተኛ ማቃጠል ይሰጣል። በጥቁር ቆዳ ላይ ማቃጠል ራሱ አዲስ ጥቁረት ስለሚያመጣ ይህ ጥቅሙ ትልቅ ነው። አዳፓሊን በአተር ፍሬ መጠን ለመላው ፊት፣ በመጀመሪያ አንድ ቀን እያለፈ ማታ ማታ ይቀባል፤ ለእርጉዝ አይታዘዝም። ጥቁረቱ ለሚያስጨንቃት አዜላይክ አሲድ ለብጉሩም ለነጠብጣቡም ያገለግላል፤ በእርግዝናም ይፈቀዳል። ብግነቱ ከበረታ ዶክሲሳይክሊን በቀን 100 ሚሊግራም ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ሆኖ በተቻለ መጠን ከሦስት ወር ሳያልፍ ይሰጣል፤ ፀረ ባክቴሪያን ለብቻው ማዘዝ የተላመደ ባክቴሪያ ያበዛል። የጸሐይ መከላከያ ለማይገኝላት ሰፋ ያለ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ምንም ከማለት ይሻላል።

ጠባሳ የሚጥል፣ ጥልቅ እብጠት ያለበት ወይም በሦስት ወር ሕክምና ያልተሻለ ብጉር ወደ ቆዳ ሐኪም ይላክ። እዚያ ሊታዘዝ የሚችለው አይሶትሬቲኖይን በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ለመውለድ የደረሰች ሴት ከመጀመሯ በፊት የእርግዝና ምርመራ፣ እንዲሁም ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ እስካቆመች አንድ ወር ድረስ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ያስፈልጋታል።

ውጤት የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣቡ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። በሦስት ቀን የሚያሽለውን ክሬም የምታውቅ ታማሚ ይህን ቁጥር በመጀመሪያው ቀን፣ በማዘዣው ላይ ተጽፎ ጭምር፣ ማግኘት አለባት። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የትራስ ልብስና ነጠላ ቀለም እንደሚያስለቅቅም አብሮ ይነገራት፤ ያልተነገራቸው ታማሚዎች ልብሱን ያነጣ መድኃኒት ፊታቸውንም የሚያቃጥል መስሏቸው ያቆሙታል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ከአንድ ወር ባይርቅ፣ ፌስታሉም በዚያው ቀን ቢታይ ይመረጣል።