ፕሮፖዛል የሚጽፍ እድር

ልደታ ሲባል ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ፍርድ ቤቱ ነው። ጠበቃው፣ ማመልከቻ ጻፊው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ቀጠሮ ተራዝሞበት ፊቱ የጠቆረው ባለጉዳይ… እኔ የሰፈሩ ነዋሪ ስለሆንኩ ሌላም ነገር ይታየኛል። ከችሎቶቹ ብዙም ሳይርቅ የትንሹ አቃቂና የገባሮቹ ውሃ ጠቁሮ፣ አረፋ እየደፈቀ ይወርዳል። በዚህ ውሃ ምክንያት ቀጠሮ ይዞ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ከወንዝ ዳር ቤት ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በበጋ ሽታው መስኮት አያስከፍትም፤ በክረምት ደግሞ ውሃው ሞልቶ ቆሻሻውን እስከ ደጅ ያመጣዋል። ከላይ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይትና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚለቀው ሌላ ነው፤ ከታች ልጁን የሚያስታምመው ሌላ። ነገሩ እዚያም አያበቃም። ውሃው ወደ መካኒሳ ሲወርድ አትክልት ይጠጣበታል። ጎመኑም ሰላጣውም ተመልሶ ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ ምሳችን ይመጣል። የቀረው ውሃ ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ይገባል። «የአካባቢ ፍትህ» የሚባለው ትልቅ ቃል ሲፈታ ይኸው ነው፦ ጥቅሙን አንዱ ወስዶ ጉዳቱን ሌላው ለምን ይሸከማል?

በቅርቡ በእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ መዋጮ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ እንዲህ ላለ ጉዳይ ለኅብረተሰብ የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶች እንዳሉ፣ ፕሮፖዛል ጽፈን ለምን እንደማንሞክር ጠየቀ። ጉርምርምታ ሆነ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን እጃቸውን አውጥተው፣ «ልጄ፣ ገንዘቡ ይምጣ፤ ምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው ማነው?» አሉ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሳቸውን ጥያቄ ይዤ ሳጠያይቅና ሳነብ ሰነበትኩ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ለሰፈር ሰዎች ታስበው ከተቋቋሙት ድጋፎች ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ የግሎባል ኢንቫይሮመንት ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992፣ የሪዮው የምድር ጉባኤ በተካሄደበት ዓመት ሲሆን የሚያስፈጽመው የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ነው፤ በአገራችንም ይሠራል። ለረጅም ዓመታት ለአንድ ፕሮጀክት ይሰጥ የነበረው ከፍተኛው ድጋፍ 50 ሺህ ዶላር ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሳበኝ አሠራሩ ነው። ማን ድጋፍ ያግኝ የሚለውን በየአገሩ የሚወስነው ብሔራዊ ኮሚቴ ሲሆን፣ ከአባላቱ የሚበዙት የመንግሥት ሰዎች እንዳይሆኑ ደንቡ ያዛል። ኅብረተሰቡም ጉልበቱን፣ ዕውቀቱንና ያለውን እንዲያዋጣ ይጠበቃል። ይህ ለእድርተኛ አዲስ አይደለም።

ችግሩ እድር ብቻውን ማመልከቱ ላይ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን አይመለከትም። ይህ በአንድ በኩል ነፃነት ነው፤ ለእያንዳንዱ ነገር ፈቃድ አንጠየቅም። በሌላ በኩል ግን ከውጭ ድርጅት ጋር ውል ለመፈራረም የሚያስፈልገው የምዝገባ ወረቀት በእጃችን የለም ማለት ነው። ስለዚህ ወይ አባላት ተሰባስበው ማኅበር ማቋቋምና መመዝገብ አለባቸው፣ ወይ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር መሥራት።

ከዚያ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ደግሞ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። በሌላ አነጋገር በውጭ ገንዘብ ወንዝ ዳር ችግኝ መትከል ይቻል ነበር፤ «ይህ ውሃ ለምን ተበከለ? መብቴ ነው» ብሎ መጠየቅ ግን አይቻልም ነበር። አሁን ያ ክልከላ ተነሥቷል። አዲሱ አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥም ይደነግጋል። ሸሪክ የሚሆነን ድርጅት ሲመጣ ይህን ቁጥር መጠየቅ ነውር የለውም።

ታዲያ ገንዘቡ ቢገኝ ምን ላይ ይዋል? ብዙ ጊዜ የምናየው የጽዳት ዘመቻ፣ ካኒቴራና ባነር ነው። የጽዳት ዘመቻ አልጠላም። ነገር ግን ከላይ የሚለቀቀው ፍሳሽ ካልቆመ በማግስቱ ያው ነው። ሕጉ ከዚህ የተሻለ በር ከፍቶልናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። በአንቀጽ 92 ደግሞ የሚመለከተው ሕዝብ በአካባቢ ጥበቃ ዕቅድ ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው «እኔን በቀጥታ ነክቶኛል» ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤት ማለት እንደሚችል ይናገራል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ይህ በወረቀት ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አፓፕ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ጉዳይ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከስሶ ነበር፤ ክሱ ግን ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ፊሊስ ኦሚዶ የምትባል እናት ሞምባሳ አጠገብ ባለ ባትሪ የሚያቀልጥ ፋብሪካ ስትሠራ ሕፃን ልጇ በእርሳስ ተመረዘ። ብቻዋን አልቀረችም፤ ጎረቤቶቿን አሰባስባ፣ ማስረጃ ይዛ ታገለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ፍርድ ቤት ለኦዊኖ ኡሁሩ ነዋሪዎች 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ ፈረደላቸው። ለዚህ መነሻው የደምና የአፈር ምርመራ ነበር። አነስተኛ ድጋፍ ቁም ነገር የሚሠራው እንዲህ ባለው ቦታ ነው፦ ለላቦራቶሪ፣ ለባለሙያ፣ ለጠበቃ።

ሁለት ስጋቶችን ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የመጀመሪያው፣ የውጭ ገንዘብ አያስተማምንም። ዩኤስኤአይዲ በ2017 ዓ.ም. እንዴት ባንድ ጊዜ እንደቆመ፣ ስንት ፕሮጀክት በመንገድ እንደቀረ ሁላችንም አይተናል። ሁለተኛው የልደታ ሰው በደንብ የሚያውቀው ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በፍርድ ቤቱ ዙሪያ የነበሩት የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየምና ሕንፃ ሲተካባቸው፣ አብሮ የሚቀብረውና አብሮ የሚደግሰው ጎረቤት በየአቅጣጫው ተበተነ። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንደሚለማ ተነግሯል፤ ለገቢ ማሰባሰቢያው የአንድ ሰው እራት 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ወንዙ ቢያምር ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሽታውን ለዓመታት የታገሠው ሰው ውሃው ሲጠራ እዚያ ካልኖረ፣ ፍትህ ሳይሆን ውበት ብቻ ነው የተገኘው።

ስለዚህ ለየእድሩ የምመክረው ይህ ነው። ፕሮፖዛሉን ለባለሙያ ከመስጠታችሁ በፊት ችግሩን ራሳችሁ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ ጻፉት። የሴቶች እድር አባላት ይኑሩበት፤ ውሃ ቀጂዋም አስታማሚዋም እነሱ ናቸውና። ገንዘብ ያዡና ፈራሚው ከሰፈሩ ይመረጥ፤ ሒሳቡም እንደ ለቅሶ መዋጮ በየወሩ በስብሰባ ይነበብ። ገንዘቡ ቢቋረጥ የሚቀጥለው ሥራ የትኛው እንደሆነም አስቀድማችሁ ለዩ።

የእኛ እድር እስካሁን አንድ ሳንቲም አላገኘም። ነገር ግን አንድ ደብተር ገዝቷል። ውሃው ቀለሙን የለወጠበት ቀንና ሰዓት፣ ሽታው የባሰበት ሌሊት፣ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ዕድሜ በተራ ይመዘገብበታል። በዚህ ሳምንት ተረኛዋ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ጽሕፈቷም ያምራል።